ወጥተው የሄዱት የሚያቆሙት ቤት፤ ስለ አሜሪካ ኮሌጆች የተማሪዎች ወንድማማች ማኅበራት

፩. መግቢያ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በብዙ ኮሌጆች አቅራቢያ የሚያልፍ እንግዳ፣ በግንባራቸው ላይ ሁለት ወይም ሦስት የግሪክ ፊደላት የተለጠፈባቸው ትልልቅ ቤቶች ያያል። እነዚህ ቤቶች የትምህርት ክፍሎች አይደሉም፤ ሆቴሎችም አይደሉም። በእያንዳንዱ ውስጥ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበዙ ወንዶች ተማሪዎች አብረው ይኖራሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ እርስ በርሳቸውም ወንድም ይባባላሉ። ማኅበሩ ፍራተርኒቲ ይባላል። ቃሉ የመጣው ወንድም ማለት ከሆነው ፍራተር ከሚለው የላቲን ቃል ነው። የሴቶቹም ማኅበር እኅት ከሚለው የላቲን ቃል ሶሮሪቲ ተብሏል።

በአገራችን ማኅበር ሲጠጣ እያየ ያደገ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በእኛ ማኅበር ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ማኅበርተኞቹ ይቆያሉ፣ ተረኛው ቤት ይለወጣል። በአሜሪካው ማኅበር ግን ቤቱ አንድ ቦታ ይቆማል፤ የሚለዋወጡት ሰዎቹ ናቸው። ተማሪው በኮሌጅ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ብቻ ነው። የማኅበሩ ሹማምንትም በየዓመቱ ይለወጣሉ። ታዲያ እንዲህ በፍጥነት የሚያልፉ ሰዎች ያሉበት ማኅበር ስድሳ፣ መቶ፣ መቶ ሃምሳ ዓመት እንዴት ሊኖር ቻለ? ጣራውን ማን ያድሳል? ዕዳውን ማን ይከፍላል? ሥርዓቱንስ ማን ያስታውሳል?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ጥያቄ መመርመር ነው። መልሱ ባጭሩ ሲነገር፣ ቤቱን የሚያቆሙት ከቤቱ ወጥተው የሄዱት ናቸው። ይህ ሁኔታ ለማኅበሩ ብርታት የሆነውን ያህል የጉዳቱም ምክንያት ሆኖ እንደነበረ ከዚህ በታች እናያለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፪. አጀማመሩ

በግሪክ ፊደላት የተሰየመ የመጀመሪያው የተማሪዎች ማኅበር ፋይ ቤታ ካፓ ነው። የተቋቋመው በ1776 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ በቨርጂኒያ በሚገኘው ዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ ነበር። በዚያን ጊዜ ትምህርቱ በአብዛኛው ቃል በቃል ማጥናትና መድገም ስለነበረ፣ ተማሪዎቹ በነጻነት የሚከራከሩበት ቦታ ፈለጉ። ማኅበሩ ምስጢራዊ ምልክትና መሐላ ነበረው። በኋላ ግን ምስጢርነቱ ቀርቶ በትምህርታቸው ብልጫ ያገኙ ተማሪዎች የሚመረጡበት የክብር ማኅበር ሆነ።

ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ማኅበር የተስፋፋው በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ካለው ዩኒየን ኮሌጅ ነው። በዚያ በ1825 ካፓ አልፋ፣ በ1827 ደግሞ ሲግማ ፋይና ዴልታ ፋይ ተመሠረቱ። ከእነዚህ ተነሥቶ ልማዱ ወደ ሌሎች ኮሌጆች ተዛመተ። እያንዳንዱ ማኅበር በልዩ ልዩ ኮሌጆች ቅርንጫፍ አቋቋመ፤ ቅርንጫፎቹን የሚያስተዳድር አገር አቀፍ ጽሕፈት ቤትም ተከተለ።

በመጀመሪያ ማኅበራቱ ቤት አልነበራቸውም። አባላቱ በአንዱ ተማሪ ክፍል ወይም በከተማ በተከራዩት አዳራሽ ይሰበሰቡ ነበር። በ1840ዎቹ አጋማሽ በሚሺጋን ዩኒቬርሲቲ የካይ ሳይ አባላት በጫካ ውስጥ ከግንድ የተሠራች ትንሽ ጎጆ አቁመው ይሰበሰቡባት እንደነበረ ይነገራል፤ ይህችም የመጀመሪያዋ የወንድማማቾች ቤት ተብላ ትጠቀሳለች። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የተማሪው ቁጥር ሲበዛ ብዙ ኮሌጆች የሚበቃ ማደሪያ አልነበራቸውም። ማኅበራቱ የመኖሪያ ቤት መግዛትና መሥራት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ኮሌጆቹም ሸክም ስለቀለላቸው ዝም አሉ። የስብሰባ ጓደኝነት የነበረው ነገር የአንድ ጣራ ኑሮ ሆነ።

፫. ቤቱ የማን ነው?

ብዙ ሰው ቤቱ በውስጡ የሚኖሩት ተማሪዎች ንብረት ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን እንደዚያ አይደለም። የቤቱ ባለቤት የቤት ኮርፖሬሽን የሚባል፣ በክፍለ ግዛቱ ሕግ የተመዘገበና ለትርፍ ያልቆመ ሌላ አካል ነው። የሥራ አመራሩ ቦርድ አባላት በዚያው ቅርንጫፍ ያለፉ ተመራቂዎች ናቸው፤ ጠበቃ፣ መሐንዲስ፣ ነጋዴ ወይም አስተማሪ ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ያለ ደመወዝ ነው። ተማሪዎቹ ተከራዮች፣ ተመራቂዎቹ አከራዮች መሆናቸው ነው።

ይህ አደረጃጀት የመጣው ከኑሮው አስገዳጅነት ነው። ባንክ ለረጅም ዓመታት የሚከፈል ብድር ሲሰጥ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመርቆ ለሚሄድ የሃያ ዓመት ወጣት አይሰጥም። ኢንሹራንስ የሚሸጠው ኩባንያም፣ ግብር የሚሰበስበው ማዘጋጃ ቤትም ነገም የሚገኝ ሰው ይፈልጋሉ። ከዚህም በላይ በዘንድሮ ተማሪዎች ጥፋት የተነሣ ክስ ቢመጣ፣ ቤቱ በሌላ አካል ስም መሆኑ ንብረቱን በመጠኑ ይጠብቀዋል።

የዕለት ሥራው ግን በተማሪዎቹ እጅ ነው። ከመካከላቸው የቤት ኃላፊ ይመርጣሉ፤ እርሱም የተሰበረውን መስኮት፣ የፈሰሰውን ቧንቧ፣ የጽዳቱን ተራ ይከታተላል። ገንዘብ ያዡ ከእያንዳንዱ አባል የመኝታና የምግብ ክፍያ ይሰበስባል፤ ለወጥ ቤቱ ሠራተኛ ደመወዝ ይከፍላል፤ ኪራዩንም ለኮርፖሬሽኑ ያስገባል። በብዙ ቤቶች «የቤት እናት» የምትባል በዕድሜ የገፋች ሴት አብራ እየኖረች ገበታውንና ሥነ ሥርዓቱን የምትቆጣጠርበት ልማድ ነበረ፤ ልማዱ ከ1960ዎቹ በኋላ በወንዶቹ ቤቶች እየቀነሰ ሄደ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የቤቱ ወጪ በአባላቱ ቁጥር መጠን ከፍ ዝቅ አይልም። ሠላሳ አልጋ ባለው ቤት አሥራ ስምንት ሰው ቢኖርም ጣራው ያው ጣራ፣ ማሞቂያውም ያው ማሞቂያ ነው። ስለዚህ ባዶ አልጋ ዕዳ ነው። ብዙ ቅርንጫፎች አባል ሁሉ ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ዓመት በቤቱ እንዲኖር የሚያስገድዱት በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ አባል ሲመለምሉም «ይህ ሰው ወንድም ሊሆነን ይገባዋልን?» የሚለው ጥያቄ «አልጋው ይሞላልን?» በሚለው ጥያቄ ሊሸነፍ ይችላል። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ ከዚያም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወጣቶቹ ወደ ጦር ሲዘምቱ፣ ብዙ ቅርንጫፎች ቤታቸውን ያጡት አልጋው ባዶ በመሆኑ ነበር።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ከውጭ የሚደርሰው የተመራቂው መዋጮ ነው። በዚህም ረገድ የአሜሪካ የግብር ሕግ መሥመር አስምሯል። ለመኖሪያ ቤቱ በቀጥታ የተሰጠ ስጦታ ከሰጪው ግብር አይቀነስም፤ ለትምህርት ሥራ ለተቋቋመ ፋውንዴሽን የተሰጠ ግን ይቀነሳል። ስለዚህ ተመራቂዎቹ ለነጻ ትምህርት ዕድልና ለቤቱ የጥናት ክፍል በፋውንዴሽኑ በኩል፣ ለጣራውና ለግድግዳው ደግሞ በቤቱ ኮርፖሬሽን በኩል ያዋጣሉ።

፬. ተመራቂው በምን ይያዛል?

ሥራ ይዞ፣ ቤተሰብ መሥርቶ፣ ምናልባትም ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ሰው ስለ አንድ አሮጌ ቤት ለምን ያስባል? ምክንያቱን በሦስት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው ሥርዓቱ ነው። አዲስ ተማሪ መጀመሪያ ይጋበዛል፤ ከዚያም ለጥቂት ሳምንታት በእጩነት ይቆያል፤ የማኅበሩን ታሪክ፣ የመሥራቾቹን ስምና የቆሙለትን ዓላማ ያጠናል፤ በመጨረሻም በዝግ ሥርዓት ቃል ገብቶ ዓርማውን በደረቱ ላይ ያደርጋል። የየማኅበሩ ቃላት ቢለያዩም ነገሩ ተቀራራቢ ነው፤ ትምህርት፣ ታማኝነት፣ መረዳዳት፣ ለሌላው ማገልገል። ቃሉ የሚገባው ለአራት ዓመት ሳይሆን ለዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ የሰባ ዓመቱ ሽማግሌና የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ተማሪ አንድ ቃል የገቡ ናቸው።

ሁለተኛው መታሰቢያው ነው። በብዙ ቤቶች የመተላለፊያው ግድግዳ በየዓመቱ አባላት ፎቶግራፍ የተሞላ ነው። የአንድ ዓመት አባላት ሁሉ ትንንሽ ምስል በአንድ ትልቅ ክፈፍ ውስጥ ተሰብስቦ ይሰቀላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ክፈፍ ይታከልበታል። ከብዙ ዓመት በኋላ የተመለሰ ሰው የራሱን ወጣት ፊት ያገኛል፤ አንዳንዱም በዚያው ግድግዳ ላይ የአባቱንና የልጁን ፊት ያሳያል።

ሦስተኛው የመገናኛው ጊዜ ነው። በመከር ወራት ኮሌጁ የእግር ኳስ ግጥሚያ ሲያደርግ የቀድሞ ተማሪዎች የሚመለሱበት የቤት መምጫ በዓል አለ። በዚያ ቀን የቤቱ በር ክፍት ይሆናል፤ ምሳ ይዘጋጃል፤ የኮርፖሬሽኑ ስብሰባም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን ይደረጋል። የመሥራቾች ቀንም በየዓመቱ ይከበራል። ቅርንጫፉ ለተመራቂዎቹ የዜና ደብዳቤ ይልካል፤ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ የትኛው ክፍል ቀለም እንደ ተቀባ ይነግራል።

ከዚህ ጋር ጥቅምም አለ። ተማሪው ሲመረቅ ሥራ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ በዚያው ግድግዳ ላይ ምስሉ ካለ ሰው ዘንድ ነው። ይህም ማኅበሩን የሚወቅሱ ሰዎች፣ ዕድል በችሎታ መሆኑ ቀርቶ በዝምድና ይከፋፈላል እንዲሉ አድርጓቸዋል። ወቀሳው መሠረት አለው፤ ምክንያቱም ወደ ቤቱ መግባት ለሁሉ የተፈቀደ አልነበረም።

፭. ቤት የሌለው ማኅበር

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚያስተምረው የአልፋ ፋይ አልፋ ታሪክ ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በኢታካ ከተማ ባለው ኮርኔል ዩኒቬርሲቲ ጥቂት ጥቁር ተማሪዎች ነበሩ። የነጮቹ ማኅበራት አይቀበሏቸውም፤ ማደሪያም በቀላሉ አያገኙም። ከ1904 እስከ 1905 በነበረው የትምህርት ዓመት ከተማሩት ጥቁር ተማሪዎች ስድስቱ በሚቀጥለው ዓመት ሳይመለሱ ቀሩ። የቀሩት ይህን አይተው መጀመሪያ አብሮ ለማጥናት ተሰባሰቡ፤ በከተማው የሚኖሩ ጥቁር ቤተሰቦችም ቤታቸውን ከፈቱላቸው። ከዚያም በታኅሣሥ 4 ቀን 1906 ሰባት ተማሪዎች ማኅበራቸውን በግሪክ ፊደላት ሰይመው መሠረቱ።

እንግዲህ ይህ ማኅበር የተወለደው ቤት በማጣት ነው። ዛሬም የጥቁሮቹ ማኅበራት አብዛኞቹ ቅርንጫፎች በኮሌጅ አጠገብ የራሳቸው ትልቅ ቤት የላቸውም። ሆኖም ቤት ባለመኖሩ የተመራቂዎቹ ትስስር አልላላም፤ እንዲያውም ጠንክሯል። አልፋ ፋይ አልፋ በ1911 በኬንታኪ ክፍለ ግዛት በሉዊቪል ከተማ የመጀመሪያውን የተመራቂዎች ቅርንጫፍ አቋቋመ። ተመራቂው ወርኃዊ ስብሰባ የሚያደርገው፣ መዋጮ የሚከፍለውና ሥራ የሚከፋፈለው በሚኖርበት ከተማ ነው። ከተመረቁ በኋላ በተመራቂዎች ቅርንጫፍ በኩል አባል የሚሆኑም አሉ። ማኅበሩ ወጣቶች ሁለተኛ ደረጃንና ኮሌጅን እንዲጨርሱ፣ ጥቁሮችም ለምርጫ እንዲመዘገቡ ለብዙ ዓመታት ሲቀሰቅስ ኖሯል።

ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በቦስተን ዩኒቬርሲቲ ሲማሩ በ1952 የዚህ ማኅበር አባል ሆነዋል። ከሞቱ በኋላም ማኅበሩ በዋሽንግተን ከተማ መታሰቢያ እንዲቆምላቸው ጠየቀ። ኮንግሬስ በ1996 ፈቀደ፤ ገንዘቡ ለብዙ ዓመታት ተሰብስቦ መታሰቢያው በጥቅምት 16 ቀን 2011 ተመረቀ። አንድ ቅርንጫፍ ጣራውን ለማደስ ከሚሰበስበው ገንዘብ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ የማሰባሰቡን ሥራ የጀመሩት በጋራ ቤት ያልኖሩ ወንድማማቾች ናቸው። ከዚህ የምንረዳው፣ ማኅበርን የሚያቆመው ግድግዳው ሳይሆን ከተመረቁም በኋላ የሚቀጥለው ግዴታ መሆኑን ነው።

፮. ቤቱ ሲዘጋና ሲሸሽግ

የተመራቂው ኃይል ግን ሁልጊዜ ለመልካም አልዋለም። ብዙ አገር አቀፍ ማኅበራት አባልነትን ለነጭ ክርስቲያኖች ብቻ የሚወስን አንቀጽ በሕጋቸው ነበራቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ተማሪዎች ይህንን ተቃወሙ። በ1948 በአምኸርስት ኮሌጅ የነበረው የፋይ ካፓ ሳይ ቅርንጫፍ አንድ ጥቁር ተማሪ ተቀበለ። አገር አቀፉ ማኅበር ቅርንጫፉን አገደው፤ ተማሪዎቹ ግን ውሳኔያቸውን አልለወጡም፤ ስማቸውን ቀይረው ራሳቸውን የቻሉ ሆነው ቀጠሉ። በዚያ ዘመን በየማኅበሩ አሮጌውን አንቀጽ ለመጠበቅ አጥብቀው ከተከራከሩት መካከል ብዙዎቹ የቀድሞ አባላት ነበሩ። ትናንትን የሚያስታውስ ሰው የትናንትን በደልም ሊጠብቅ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ሁለተኛው ጉዳት አዲስ ገቢን ማንገላታት ነው። እጩው ወንድምነቱን እንዲያረጋግጥ እየተባለ ይዋረዳል፣ እንቅልፍ ይከለከላል፣ ይደበደባል፣ ወይም ከመጠን በላይ መጠጥ እንዲጠጣ ይገደዳል። በዚህ ምክንያት የሞቱ ተማሪዎች ቁጥር ጥቂት አይደለም። ቤት የሌላቸውም ማኅበራት ከዚህ ነጻ አልነበሩም፤ በ1990 የጥቁሮቹ ማኅበራት የእጩነቱን ጊዜ ለማስቀረት ቢስማሙም ልማዱ በስውር ቀጥሏል።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር በፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቬርሲቲ በቤታ ቴታ ፓይ ቤት የደረሰው አደጋ ለርእሳችን ቅርብ ነው። ቤቱ በተመራቂዎች ገንዘብ ያማረ ሆኖ የታደሰ ነበር። መጠጥ የተከለከለበት ቤት ተብሎም ይታወቅ ነበር፤ የጥበቃ ካሜራዎችም ተገጥመውለት ነበር። በዚያ ቤት አዲስ የገባ አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ብዙ መጠጥ እንዲጠጣ ከተደረገ በኋላ ከደረጃ ላይ ወደቀ። ወንድሞቹ አምቡላንስ የጠሩለት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ በሦስተኛውም ቀን ሞተ። ካሜራዎቹ ሁሉን ቀርጸዋል፤ ነገር ግን በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚመለከት ዓይን አልነበረም። ዩኒቬርሲቲው ቅርንጫፉን ለዘለቄታው ከለከለ፤ ክፍለ ግዛቱ በ2018 የማንገላታትን ቅጣት የሚያከብድ ሕግ አወጣ፤ በ2024 ታኅሣሥ ደግሞ ኮሌጆች የዚህን ዓይነት ጥፋት መዝግበው ለሕዝብ እንዲያስታውቁ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ተፈረመ።

አንዳንድ ኮሌጆች ማኅበራቱን ጨርሶ ማስቀረትን መረጡ። በዊልያምስ ኮሌጅ በ1962 የቀረበ የኮሚቴ ሪፖርት የተማሪዎችን መኖሪያና ምግብ ኮሌጁ ራሱ እንዲረከብ አሳሰበ፤ በሚከተሉት ዓመታትም ማኅበራቱ ከዚያ ጠፉ። አምኸርስትም በ1984 አስቀረ። ሌሎች ዩኒቬርሲቲዎች ጥፋተኛውን ቅርንጫፍ ብዙውን ጊዜ ለአራት ወይም ለአምስት ዓመት ያግዳሉ። የዚህ ዘመን ልክ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ያጠፉት ተማሪዎች ሁሉ ተመርቀው እስኪያልቁ ነው። በዚያን ጊዜ ቤቱ ለሌላ ይከራያል፤ በመጨረሻም ተመራቂዎቹ አዲስ ተማሪዎች ሰብስበው ቅርንጫፉን እንደገና ይተክላሉ። የኑሮው ሰንሰለት በተማሪዎቹ በኩል ተበጥሶ በተመራቂዎቹ በኩል ይቀጠላል።

፯. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ሁለት ፍሬ ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የተማሪ ማኅበር በተማሪ ብቻ ሊቆም አይችልም፤ ዘመኑ አጭር ስለሆነ የሚያስታውስለትና ዕዳውን የሚሸከምለት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ የተመራቂው ድርሻ ገንዘብ ብቻ ሲሆን ማኅበሩ ቤት ያገኛል እንጂ ጠባቂ አያገኝም። ያማረ ቤት ያለ ተቆጣጣሪ ምን እንደሚያስከትል በፔንሲልቫኒያ ታይቷል፤ ቤት ሳይኖር የተጠበቀ ግዴታ ምን እንደሚሠራ ደግሞ የኢታካዎቹ ሰባት ተማሪዎችና ተከታዮቻቸው አሳይተዋል።

እኛም ተማሪዎች በየኮሌጃችን ክበብና ማኅበር ስናቋቁም የምናስበው ብዙ ጊዜ ስለ ዘንድሮው ምርጫና ስለ ዘንድሮው ሒሳብ ነው። ከመሪዎቹ መመረቅ ጋር ክበቡ ቢሞት ምክንያቱን ከሚመጡት ተማሪዎች ስንፍና ብቻ መፈለግ አይገባም። የወጣው ሰው ተመልሶ የሚገባበት በር ተትቶለት እንደሆነ፣ ተመልሶም ሲመጣ ከመዋጮው ሌላ የሚጠየቀው ነገር እንዳለ መመርመር ያስፈልጋል። እያንዳንዳችን በማኅበሩ ውስጥ የምንቆየው ሦስትና አራት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ሁሉ የተመራቂነት ዘመን ነው።